የኩሽኔታው ቡድን እና ጋሼ ሞሪታ

ጋሼ ሞሪታ ማረፋቸውን የሰማሁት የሮተርዳም ሜትሮ ባቡር ውስጥ ቆሜ ነው። ከሆግቭሊት ከሥራ ስመለስ፣ ሰው ጭንቅንቅ ብሎ፣ አንዱ በብስክሌቱ መሪ ጎኔን እየወጋኝ፣ ስልኬ ደጋግሞ ነዘረ። የክለባችን የዋትሳፕ ግሩፕ ነው። መቼም ያ ግሩፕ ሥራ የለውም፤ ማን ካልሲውን ረሳ፣ ማን ኳሱን ይዞ ሄደ እያለ ሲጨቃጨቅ ይውላል። ልተወው ስል የጌታቸው የድምፅ መልእክት ገባ። ጌታቸው ድምፅ የሚልከው ሲጨንቀው ብቻ ስለሆነ ጆሮዬ ላይ ለጠፍኩት። «ሰይዶ... ጋሼ ሞሪታ አረፉ። ልጃቸው ናት የጻፈችው። ተኝተው በዚያው...» ብሎ ለቅሶው አላስጨርስ አለው። እኔም ሠፈሬ ካፔለ ሳልደርስ ወረድኩና ጣቢያው ላይ ቆሜ አነባሁ። አንዲት ደች አሮጊት ጠጋ ብላ ምን እንደሆንኩ ጠየቀችኝ። «አለቃዬ ሞተ» አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝ። ለአለቃ የሚያለቅስ ሰው አይታ አታውቅም መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም አይቼ አላውቅም።

«ሞተ» ያልኳት በደችኛ ነው። በአማርኛ ግን ጋሼ ሞሪታን «እሱ» ብዬ ልጻፍ ብል እጄ አይታዘዝልኝም። «ጋሼ» ያላቸው መጀመሪያ ጌታቸው ነው። ምን ማለት እንደሆነ ጠየቁን፤ «ታላቅ ወንድም ማለት ነው፣ ሲከበር ደግሞ አባትም ያክላል» ብለን ስናስረዳቸው አንገታቸውን ነቅነቅ አድርገው ተቀበሉት። ከዚያ ፖላንዶቹም ሱሪናሞቹም «ጋሼ» ይሏቸው ጀመር። ቢሮ ያሉት ደቾች የምር ስማቸው መስሏቸው አንዱ ኢሜይል ሲጽፍ «ክቡር ሚስተር ጋሼ» ብሎ አርፏል። ሳቁና አላረሙትም።

እኔ ደሴ ተወልጄ አዲስ አበባ ያደግሁ ሰው ነኝ። ሮተርዳም ከገባሁ ወዲህ ዕድሜዬ ያለቀው መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት ላይ ተቀምጬ ነው። መጋዘኑ የአንድ የጃፓን ኩባንያ ነው፤ ኩባንያው የሚያመርተው ኩሽኔታ ነው። ከሕፃን ጋሪ እስከ ባቡር፣ የሚሽከረከር ነገር ሁሉ ሆዱ ውስጥ ኩሽኔታ አለ። ዕቃው በመርከብ ይመጣል፣ እኛ እንደረድረዋለን፣ ከዚያ አውሮፓን ያዳርሳል። ጋሼ ሞሪታ የመጋዘኑ ሥራ አስኪያጅ ሆነው ሲመጡ እኔ አሮጌ ሠራተኛ ነበርኩ። አጭር፣ ወፍራም አንገት ያላቸው፣ ጆሯቸው እንደተጨማደደ ሊጥ የሆነ ሰው ናቸው። «ይሄ ሰውዬ ጆሮውን ማን ነው እንዲህ ያደረገው?» አልኩት ጌታቸውን። «ሚስቱ ትሆናለች» አለኝ። ያን ቀን በሳቅ ሞትን። ኋላ ስናውቅ ለካ የራግቢ ጆሮ ነው፤ ሲጋፉ ኖረው የተጨፈለቀ።

ከመጋዘኑ ጀርባ ማንም የማይረግጠው ሰፊ ሳር አለ። መጥተው ብዙም ሳይቆዩ፣ በምሳ ሰዓት፣ ጋሼ ሞሪታ ወደዚያ ሄዱ። ሳሩ ጫፍ ላይ ሲደርሱ ቀጥ ብለው ቆሙና ከወገባቸው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። ማንም የለም እኮ! ለሳሩ ነው። «ጉድ በል፣ ለሳር የሚሰግድ አለቃ ላኩብን» አልኩ። እኔ በበኩሌ የምሰግደው ለአንድ ብቻ ነው፤ እሱም ሳር አይደለም። ጋሼ ሞሪታ ግን ዙሪያውን ረገጥ ረገጥ እያደረጉ አዩና ሲወጡም እንደገና እጅ ነሡ። ዓይናቸው ላይ የሆነ ነገር ነበር፤ የጠፋ ዘመዱን ያገኘ ሰው ዓይን።

ጌታቸውን ያገኙት በዚያው ሰሞን ነው። ጌታቸው የቂርቆስ ልጅ ነው፤ ቁመቱ በር ያስጎነብሳል፣ ትከሻው መደርደሪያ ያክላል፣ ልቡ ግን የቅቤ ነው። አንድ ጠዋት ፎርክሊፍቱ የጫነውን ሳያወርድ ተበላሽቶ መተላለፊያውን ዘጋ። መካኒክ እስኪመጣ ሁላችን ቆመን ስንማረር ጌታቸው ትከሻውን ሰጥቶ ጥግ አስያዘው። ጋሼ ሞሪታ ከላይ በመስኮት እያዩ ነበር። እኔ «አሁን ስለ ደኅንነት ሕግ ይጮሁበታል» ብዬ ስጠብቅ፣ በማግስቱ እንቁላል የመሰለ ኳስ ይዘው መጡና እጁ ላይ አስቀመጡለት። «ረቡዕ ከሥራ በኋላ» አሉት። በቃ፣ ቡድኑ እንዲህ ተጀመረ።

እኔም ተጎተትኩ። ምን ቆርጦኝ በዚያ ዕድሜዬ ራግቢ ልጫወት! ግን አለቃ ሲጠራ እምቢ ማለት ያስፈራል፤ ከዚያ ደግሞ ኳሱ ይዞ አስቀረኝ። ሕጉ ጉድ ነው፤ ኳሱን ወደ ፊት መወርወር ክልክል ነው። ወደ ፊት የምትሄደው ኳሱን ወደ ኋላ እየሰጠህ ነው። «ጋሼ፣ ይሄማ የኛ አገር ፖለቲካ ነው» ስላቸው አልገባቸውም። ጌታቸው በሥዕል ሊያስረዳቸው ሞክሮ የባሰ ግራ አጋባቸው። እሳቸው ግን አንድ አነጋገር ነበራቸው፤ ልምምድ ላይ አንዱ ብቻውን ሮጦ ሲያዝ፣ «ኋላህ ሰው አለ። ሳታይም እመን» ይሉታል። ደችኛቸው ከኔ የባሰ ስለነበር ቃላቸው አጭር ነው፤ አጭር ስለሆነ ደግሞ አይረሳም።

ቡድኑ የኩባንያው ነበር። ሜዳው የኩባንያው፣ ደረቱ ላይ ስሙ የተጻፈበት ማሊያ የኩባንያው፣ ሻወሩም የኩባንያው። ልምምድ ሲያልቅ ጋሼ ሞሪታ መጥረጊያ ይዘው ልብስ መቀየሪያውን ራሳቸው ይጠርጋሉ፤ ሥራ አስኪያጁ ሲጠርግ ደግሞ ማን ቁጭ ይላል? ሁላችንም እናጸዳለን። ከዚያ በየመንደሩ ካሉ ትንንሽ ቡድኖች ጋር እንጋጠማለን፣ እንሸነፋለን፣ አብረን እንበላለን። ሐሙስ ሐሙስ ሰውነቴ ሁሉ ያመኛል፤ ደስታዬ ግን ሌላ ነበር። መጋዘን ውስጥ ለዓመታት ሰላም ያልተባባልን ሰዎች እቅፍ አድርገን የምንገፋፋ ሆንን።

አንድ ረቡዕ ዝናቡ ሲያወርደው ጋሼ ሞሪታ በመኪናቸው ወደ ካፔለ አደረሱኝ። ቤቴ በር ላይ መኪናው ውስጥ ሆነን ዝናቡ እስኪያባራ ስንጠብቅ፣ ሳልጠይቃቸው፣ ስለዚያኛው ቡድን ነገሩኝ።

እዚያ አገራቸው፣ የኩሽኔታው ፋብሪካ የራሱ የራግቢ ክለብ ነበረው። ከጦርነቱ በኋላ፣ ሰው የሚበላው እንኳ በቅጡ ሳይኖረው፣ የማቅለጫው ክፍል ሠራተኞች ከፋብሪካው ጀርባ ባለ ባዶ መሬት ላይ ጀመሩት። አለቆቹ አይተው ወደዱና የኩባንያው አደረጉት። እያደር ትልቅ ሆነ፤ ስታዲየም ተሠራለት፣ አገሪቱ ካሏት ከትልልቆቹ ቡድኖች ጋር ተሰለፈ። ተጫዋቾቹ ግን ሠራተኞች ናቸው። ጠዋት ቢሮ ገብተው ወረቀት ያገላብጣሉ፣ ከሰዓት ሜዳ ይወርዳሉ። መጫወት ሲያቆሙ እዚያው ጡረታ እስኪወጡ ይሠራሉ። የጨዋታ ቀን እያንዳንዱ የፋብሪካ ክፍል የራሱን ከበሮ ይዞ ይመጣል፤ ማሸጊያ ክፍል ከጥራት ቁጥጥር ጋር በጩኸት ይፎካከራል። የሠፈሩ ሕፃን ሲወለድ የቡድኑ ቀለም ያለው ካልሲ ይሰጠዋል። ጋሼ ሞሪታ ከዩኒቨርሲቲ ወጥተው የገቡት ለዚህ ብለው ነው፤ ፊት መስመር ላይ ሆነው፣ አንገታቸውን ከሌላው አንገት ጋር አቆላልፈው የሚገፉት እሳቸው ነበሩ። ኋላ ካፒቴን ሆኑ።

«ከዚያስ?» አልኳቸው።

«ከዚያ ጊዜው ከፋ። ኩባንያው ኪሳራ በዛበት። ከላይ 'ቡድኑ ይዘጋ' ተባለ።»

«ሰዉስ ምን አለ?»

የመኪናውን የመስተዋት መጥረጊያ አጠፉ። «ምንም» አሉ። «ውሳኔውን ለተጫዋቾቹ እንዳነብ ያዘዙኝ እኔን ነው፤ ካፒቴን ነኝና። አነበብኩ። እጅ ነሣሁ። እነሱም እጅ ነሡ። በማግስቱ ሁላችንም ጠረጴዛችን ላይ ነበርን። ሜዳው ተሸጠ፤ ዛሬ የመኪና ማቆሚያ ነው። እርስ በርስ መተያየት ስላፈርን አንድ ሕንፃ ውስጥ እየሠራን ምሳ እንኳ አብረን አልበላንም።»

አንጀቴን በሉት። «ጋሼ፣ እርስዎ ምን ያድርጉ፣ ታዘው ነው እኮ» አልኳቸው።

«አዎ፣ ታዝዤ ነው» አሉ፤ «እዚህም ቢዘጉት እንደገና የማነበው እኔ ነኝ።» በቃ፣ ሌላ ጭንቀት አልነበራቸውም። ጡረታቸው እየደረሰ ነው፣ ሥራው ሰላም ነው፣ ልጃቸው አግብታለች። የሚፈሩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይሄም ቡድን በእጃቸው እንዳይሞት።

የፈሩት ደረሰ። አምስተርዳም ካለው የአውሮፓ ቢሮ አንድ ዳይሬክተር መጣ፤ ወጣት፣ ጨዋ፣ ጫማው የሚያበራ ጃፓናዊ። ከቀኑ ፈረቃ በኋላ የቡድኑ አባላት ካንቲን እንድንሰበሰብ ተባለ። ዳይሬክተሩ ደችኛ ስለማይችል አንድ ገጽ ወረቀት አውጥቶ ለጋሼ ሞሪታ ሰጣቸው። እያዩት ፊታቸው አመድ መሰለ። ጌታቸው ከጠረጴዛው ሥር እጄን ያዘኝ።

ጋሼ ሞሪታ ቆመው ወደ ደችኛ እየመለሱ አነበቡ። ኩባንያው በመላው ዓለም ለስፖርት የሚሰጠውን ድጋፍ ያቋርጣል። ከመጋዘኑ ጀርባ ያለው መሬት ለሌላ ሥራ ይፈለጋል። ሠራተኞች እስካሁን ላሳዩት ትጋት ኩባንያው ያመሰግናል። አንድ ቃል አልዘለሉም። ሲጨርሱ ወረቀቱን አጣጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ለዳይሬክተሩ እጅ ነሡ። «አበቃ» አለኝ ጌታቸው በሹክሹክታ። እኔም አበቃ አልኩ። ደሜ ፈልቶ ልነሳ ስል ጋሼ ሞሪታ ወደ እኛ ዞሩ።

«እስካሁን የተናገረው ኩባንያው ነው» አሉ። «አሁን የምናገረው እኔ ነኝ።»

ወረቀቱ ያለበትን ኪሳቸውን መታ አደረጉ።

«በአገሬ ይህንኑ አንድ ጊዜ አንብቤያለሁ። ያኔ ዝም አልኩ። ዛሬ እምቢ እላለሁ። ኩባንያው ስሙን ይውሰድ። ማሊያውን ይውሰድ። መሬቱም የሱ ነው፣ ይውሰድ። እናንተ ግን የኩባንያው አይደላችሁም። ልትጫወቱ ከፈለጋችሁ ሌላ ሜዳ እንፈልጋለን።»

ዳይሬክተሩ ምን እንዳሉ በጃፓንኛ ጠየቃቸው። አሁን ሌላ ሰው ቢሆን «ምንም፣ ተሰናብቻቸው ነው» ብሎ ያልፈዋል። እሳቸው ግን ያን ቀን አስተርጓሚ ናቸውና የተናገሩትን እምቢታ አንድ በአንድ ለዳይሬክተሩ በጃፓንኛ አስተረጎሙለት። ቋንቋውን ባናውቅም ጆሯችን ቆሞ አዳመጥን። ሰውዬው ጆሮው ቀላ። አንድ አጭር ነገር ተናገረ። «የኩባንያውን ስም እንዳትጠቀሙ ይላሉ» አሉን ጋሼ ሞሪታ፣ «እኔም 'አንጠቀምም' ብያቸዋለሁ።»

ዳይሬክተሩ ሲወጣ ከበብናቸው። «ጋሼ፣ ቢያባርሩዎትስ?» አልኳቸው። ላብ አጥምቋቸው ወንበር ሳቡ። «ዕድሜ ልኬን ታዝዣለሁ» አሉ ሲቀመጡ፣ «ይሄ አንድ ቀን ቢቀነስብኝ ግድ የለም።» ጌታቸው ግንባራቸውን ሳማቸው። ጃፓኖች እንዲህ አይሳሳሙም አሉ፤ የዚያን ቀን ግን የተቃወመ አልነበረም።

መናገሩ ቀላል ነበር፤ ሜዳ ማግኘቱ ነው ጭንቅ። ኸሜንተ ሄድን፤ ማዘጋጃ ቤቱ ማለቴ ነው። ወረፋ አለ፣ ስማችሁን አስመዝግቡ ተባልን። ያ ወረፋ እኛን ሽበት በሽበት ያደርገናል። ሰዉ መንጠባጠብ ጀመረ፤ አንዱ ጉልበቴን አመመኝ አለ፣ አንዱ ሚስቴ ተቆጣች አለ። ጋሼ ሞሪታ ግን ከሥራ ሲወጡ እኔን ይጭኑና ክለብ ለክለብ ያዞሩኛል። በር ላይ ቆመው እጅ ይነሣሉ፣ የተሰበረ ደችኛቸውን ያወጣሉ፣ «አይቻልም» ይባላሉ፣ አመስግነው እጅ ነሥተው ይወጣሉ። እኔ መኪና ውስጥ እራገማለሁ። እሳቸው ካርታውን ያያሉ።

ደን ሃግ፣ የኛ ሰው ዘ ሄግ በሚላት ከተማ ዳር ላይ፣ ባሕሩ የሚሸትበት ቦታ፣ አንድ አሮጌ ክለብ አገኘን። ሊቀመንበሯ ዊልማ ትባላለች፤ ድምፅዋ የወንድ፣ ክንድዋ የጌታቸው። ሰማችን፣ ሰማችንና «መጀመሪያ ከኛ አዛውንቶች ጋር ተጫወቱና እንያችሁ» አለች። ክለቡ የአባላቱ ነው፤ አለቃ የለውም፤ ሁሉን የሚወስኑት አባላቱ እጅ እያወጡ ነው። በሆላንድ ይሄ ብርቅ አይደለም፤ ለጋሼ ሞሪታ ግን ብርቅ ነበር። «ኩባንያ የለውም? ታዲያ በምን ቆመ?» ብለው ሦስቴ አስደገሟት።

የግጥሚያው ቀን አንድ ሰው ጎደለብን። አሥራ አምስት ካልሆንን አይቻልም። ጋሼ ሞሪታ ምንም ሳይሉ መነጽራቸውን አውልቀው ሰጡኝና ራሳቸው ገቡ። እኔ ትከሻዬን ታምሜ ዳር ነበርኩ፤ ቆሌዬ ተገፈፈ። «ጋሼ፣ ይሰብሩዎታል!» ብል ማን ሰምቶኝ! ለሜዳው እጅ ነሡና ፊት መስመር ላይ አንገታቸውን አስገቡ። ሲገፉ ሰውዬው ወጣት ሆነው ቁጭ!

እየተመራን ቆይተን መጨረሻው ላይ ዕድል መጣ። ጌታቸው ኳሱን ይዞ ተፈተለከ። ከፊቱ አንድ ሽበታም ደች ብቻ ቀርቷል። ደቹ ዘሎ ያዘው፤ ጌታቸውን መያዝ ደግሞ ግድግዳ መያዝ ነው፤ ተወርውሮ ወደቀና «አህ!» አለ። ጌታቸው የማስቆጠሪያው መስመር ጋ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ድምፁን ሰማ። ቆመ። ዞረ። «እኔን! እኔን አባቴ!» ብሎ ኳሱን ሳሩ ላይ ቀስ አድርጎ አስቀምጦ ሰውዬውን ሊያነሣ ተመለሰ! ከዳር ያለሁት እኔም ሳላውቀው «እኔን!» እያልኩ እየሮጥኩ ነበር። አበሻ ሆኖ ሰው ሲወድቅ ዝም ብሎ የሚያልፍ አለ? ደቾቹ ግን ጨዋታ ላይ ናቸው፤ አንዱ ኳሱን ብድግ አድርጎ ሜዳውን አቋርጦ ሄዶ አስቆጠረብን። ፊሽካ ተነፋ። አለቀ።

ጌታቸው አሁንም ሽበታሙን አቅፎ ከጀርባው ላይ ጭቃ ያራግፋል። ሰውዬው ምንም አልሆነም፤ ትንፋሹ ነው ያጠረው። የኛ ሰዎች «ምን አደረግክ!» ብለው ሊበሉት ደረሱ። እኔም አልማርኩትም። የቡድኑ ዕጣ በእጁ ነበር እኮ! ጌታቸው ዙሪያውን አይቶ ያደረገው ሲገባው ፊቱን በእጁ ሸፈነ።

ጋሼ ሞሪታ እያነከሱ መጡ። አፍንጫቸው ይደማል። «ጌታቸው» አሉት፣ «እኛ አገር ጨዋታ ሲያልቅ 'አሁን ወገን የለም' ይባላል። ከዚያ በኋላ ሁሉም ወንድም ነው።» ደሙን በእጅጌያቸው ጠረጉና፣ «አንተ ፊሽካው እስኪነፋ መጠበቅ ነበረብህ» ብለው ሳቁ። ከዚያን ቀን በፊት ጥርሳቸውን አሳይተው ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም። ሳቁ ሳቁና ሳሩ ላይ ተቀመጡ። እኛም አብረን ሳቅን፤ ሆዳችን እያረረ።

ሻወር ወስደን ወደ ክለቡ ቤት ስንገባ ሁላችንም የሬሳ ሳጥን የተሸከምን መስለናል። ዊልማ ከባንኮኒው ኋላ ቆማለች። ስለ ጨዋታው አንድ ቃል አልተነፈሰችም። «ባርዲንስት ትሠራላችሁ?» አለች። ባርዲንስት ማለት አባላት በተራ በተራ ባሩ ውስጥ የሚያገለግሉት ሥራ ነው፤ መቅዳት፣ መጥበስ፣ ማጠብ፣ ወለል መወልወል። ለካ ሴትዮዋ ጭንቀቷ ይሄ ነው! አባላቱ አርጅተው ቅዳሜ የሚሠራ ሰው አጥታለች። ሁላችንም እጃችንን አወጣን። «እኔ ግን ቢራ አልቀዳም፣ ሙስሊም ነኝ» አልኳት። «አንተ ድንች ትጠብሳለህ» ብላ አለቀ ደቀቀ። ይኸው እስከ ዛሬ እጠብሳለሁ። ጥግ ላይ ደግሞ ያ ሽበታም ደች ከጌታቸው ጎን ተቀምጦ ሾርባውን እየጠጣ አልላቀቅም ብሏል።

ስም ቀይረን፣ ማሊያ ቀይረን አባል ሆንን። የመጀመሪያው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ጋሼ ሞሪታ በክራባት መጡ። ደቾቹ በጂንስና በነጠላ ጫማ ናቸው። ውሻ ሜዳ ይግባ አይግባ በሚል ያንን ሁሉ ሰዓት ተጨቃጨቁ። ጋሼ ሞሪታ ጆሮዬ ላይ ጠጋ አሉ። «ይሄ ሁሉ ሰው አለቃ ነው?»

«አዎ፣ ጋሼ። እርስዎም።»

«በጣም አስቸጋሪ ነው» አሉ። ቆይተው፣ ቆይተው፣ ድምፅ ሲሰጥ እጃቸውን ከፍ አድርገው አወጡ፤ ተማሪ መሰሉ። «ደስ ይላል» አሉኝ። ውሻው እንዲገባ ነበር የመረጡት። ተሸነፉ፣ ግን ፊታቸው ሲያበራ ዋለ።

እንደፈራነው አልተባረሩም፤ ጡረታ ወጥተው ወደ አገራቸው እስኪመለሱ ቅዳሜ ቀርተው አያውቁም። ባርዲንስት ሲደርሳቸው ለእያንዳንዱ ሰካራም እጅ እየነሡ ያስተናግዳሉ። ከሄዱም በኋላ በቪዲዮ ይደውላሉ። አንድ ቀን ስልኩን ወደ ታች አዞሩትና ቀይ ቁምጣ አሳዩኝ። በጃፓን ሽማግሌዎች ራግቢ ሲጫወቱ፣ ስልሳዎቹ ውስጥ ያሉት ቀይ ቁምጣ፣ ሰባ የሞላቸው ቢጫ ይለብሳሉ፤ ቢጫ ያየ ሰው በሙሉ ጉልበት አይጋጭም። ከኋላቸው ወንዝ ዳር ሽማግሌዎች ይሯሯጣሉ። «እነማን ናቸው?» አልኳቸው። ያ የተበተነው ቡድን ነው። አንድ በአንድ ቤታቸው ሄደው ሰበሰቧቸው። መጀመሪያ በር ያልከፈተላቸውም ነበር አሉ። አሁን በየወሩ ይጫወታሉ፤ ኩባንያ የለም፣ እጅ እያወጡ ይወስናሉ። «እንዴት ይጨቃጨቃሉ መሰለህ!» አሉኝ በደስታ። ቢጫውን ቁምጣ እየጠበቁ ነበር። አልደረሱበትም። ያ ነው ልቤን የሚያቃጥለው።

ባለፈው ቅዳሜ ከጨዋታው በፊት በዝምታ ቆምን። ዊልማ አንድ ሰው እንዲናገር ስትጠይቅ ጌታቸው እኔን ገፋኝ። ስማቸውን ብቻ ጠርቼ እጅ ነሣሁ፤ አዎ፣ ለሳሩ። ሁሉም ተከተለኝ፣ ተጋጣሚዎቹ ሳይቀሩ። ከዚያ ተጫወትንና እንደ ልማዳችን ተሸነፍን።

ድንች እየጠበስኩ ሳለሁ አንዲት ሻሽ ያሰረች ሴት ልጇን ይዛ መጣች። ልጅቷ በደችኛ እየተንተባተበች ሜዳውን ትጠቁማለች። እናትየዋ ፊቴን አይታ በአማርኛ፣ «ወንድሜ፣ ይሄ የየትኛው ኩባንያ ክለብ ነው? ልጄ ልጫወት ብላ አስቸገረችኝ። እኔ ደግሞ ጽዳት ነው የምሠራው፣ ከየትኛውም ኩባንያ አይደለሁም» አለችኝ።

«የኩባንያ አይደለም፣ እህቴ። ባለቤቱ የሚጫወተው ሰው ነው።»

አላመነችኝም። «አንዴ ዋና አስጀምሬያት ነበር፣ ልክ ስትለምድ ዘጉት። ስንት ቀን አለቀሰችብኝ። ይሄስ አንድ ቀን መጥተው ይዘጋል ቢሉ?»

ልጅቷ እናቷ የምትለውን ሳትሰማ ከውጭ ኳስ አግኝታ አቅፋለች። እኔም መጥበሻውን አስቀምጬ ወደ እናትየዋ ዞርኩ።

«ብለው ነበር እኮ» አልኳት። «እምቢ አልን።»